ግልባጭ በሁለተኛው ደጅ

እንዝርታ የምትባል አገር ነበረች። በየት በኩል እንደሆነች አትጠይቁኝ፤ እኔም ለነገሩኝ ሰዎች ይህን ጥያቄ አላቀረብኩላቸውም። የነገሩኝ የእንዝርታ ሰዎች ጨዋታ ወዳድ እንደነበሩ ነው። ሰርግ ቢሆን፣ ገበያ ቢሆን፣ ዝናብ ያስጠለላቸው ጎተራ ቢሆን፣ ሦስት ሰው ከተገናኘ አንዱ ይጫወታል፣ አንዱ ያዜማል፣ አንዱ ያያል። የሚያየው ሰው ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በእንዝርታ በደንብ ማየት የማይችል ጎረምሳ ሚስት ለማግኘት ይቸገር ነበር።

ከቀደሙት ነገሥታት አንዱ ይህን አይተው ለጨዋታ ትምህርት ቤት ሠሩለት። ትምህርት ቤቱ ሁለት ደጅ ነበረው። በመጀመሪያው ደጅ የገባ መጫወት ይማራል። በሁለተኛው ደጅ የሚገባው ደግሞ መጫወት ከቻለ በኋላ ጨዋታን መመርመር የሚሻ ሰው ነው፤ ትምህርቱን ሲጨርስ ሰማያዊ ካባ ይለብሳል። የንጉሡ ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ደግ ሐሳብ ነው። ኋላ ንጉሡ ሞቱና ሐሳቡ በሹማምንት እጅ ወደቀ።

ሹማምንቱ በመጀመሪያ ያደረጉት ሁለተኛውን ደጅ በግንብ ሦስት ቦታ መክፈል ነበር። አንዱ የቃል ቤት ሆነ፤ የመድረክ ንግግር የሚጠናበት። አንዱ የዜማ ቤት። ሦስተኛው የጥላ ቤት ሆነ፤ ከመብራት ፊት በነጭ ጨርቅ ላይ የሚንቀሳቀሰው ምስል የሚጠናበት። ከወዲያ የሚዘፈነው ከወዲህ እንዳይሰማ ግንቡ ሁለት ክንድ ውፍረት ነበረው።

ቀጥሎ ሕግ መጣ። የሚመረምር ሰው አይጫወትም፤ የሚጫወት ሰው አይመረምርም ተባለ። ተማሪ ትምህርቱን ለመጨረስ በሚያቀርበው ጽሑፍ፣ በድርሳኑ፣ ውስጥ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሁለት ምስክር ይጠራለት ተባለ። አንድ ምስኪን ተማሪ «ዝናብ ሲመጣ ተመልካች ይበተናል» ብሎ ቢጽፍ፣ «ይህን ማን አለ?» ብለው ያዙት።

«እኔ ራሴ አይቻለሁ» አለ።

«አንተማ በሕይወት አለህ» አሉት።

ተማሪው ዝናብ መጥቶበት የተበተነና አሁን የሞተ ሰው ሲፈልግ አራት ወር ፈጀ።

ከሕጎቹ ሁሉ የከፋው ግን የመጨረሻው ነበር። በድርሳን ሙግት ቀን፣ ማለትም ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በሚከራከርበት ቀን፣ የወደቀ ሰው፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በእንዝርታ ምድር ላይ መድረክ አይወጣም። ስለዚህ ብልጦቹ ሙግቱን ያቆዩታል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰዎች በሁለተኛው ደጅ ገብተው ካባ ለብሰው የወጡት አራት ብቻ ነበሩ። አራቱንም ወዲያው ሾሟቸው፤ ሥራቸው የቀሩት ሃያ ሰባቱ ቶሎ እንዳይወጡ መቆጣጠር ነበር።

በዚህ ዘመን ትደነቂያለሽ የምትባል ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ሃያውን ያሳለፈችው ከገበያ ገበያ በሚዞር የተጫዋቾች ቡድን ውስጥ ነው። ንግሥት ሆና ታውቃለች። አህያ ነጂም ሆናለች። አንድ ጊዜማ ሌላው ተጫዋች ታሞ የራሷ ባል ሆና ውላለች። ሰው በስሟ መቀለድ ይወድ ነበር፤ «ተደነቅሽ ወይስ ገና ነሽ?» ይላታል። «ገና ነኝ» ትላለች እየሳቀች።

አንድ ዓመት ቡድኑ እየዞረ የእናቷ አገር ከሆነችው ከሽንብሪት ደረሰ። ትደነቂያለሽ በልጅነቷ ሽንብሪት ውስጥ ያየችው፣ ከዚያ ወዲህ የትም ያላየችው አንድ ጨዋታ ነበር። ግልባጭ ይባላል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ጎረቤት በማለዳ ነጭ ጨርቅ ይወጥርና፣ የምትወጣውን ፀሐይ ከጀርባ አድርጎ ሁለቱን ከጨርቁ ኋላ ያቆማቸዋል። ጥላቸው ጨርቁ ላይ ያርፋል። ከበሮ ይመታል። ከዚያ አንዱ ሌላውን ሆኖ ይጫወታል። በመጀመሪያው ዙር መሳለቅ ይፈቀዳል። በሁለተኛው ዙር ግን የባላጋራህን ቅሬታ፣ እሱ ራሱ ቢናገረው ኖሮ እንደሚናገረው አድርገህ በእሱ አንደበት መናገር አለብህ። ባላጋራህ «እኔ ነኝ» እስኪል ድረስ ጨዋታው አያልቅም። ሁለት አጎቶቿ በአንድ የመስኖ ቦይ ተጣልተው ግልባጭ ሲጫወቱ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ጥላ ስላጠፋባቸው በማግሥቱ እንደቀጠሉ ታስታውሳለች። በሦስተኛው ቀን ቦዩን አብረው ጠረጉ።

አሁን ግን ጨርቅ የተወጠረበት ቦታ አልነበረም። በዳኛው ደጃፍ ላይ ሰው ተሰልፏል። ትደነቂያለሽ ስትጠይቅ፣ የግልባጭን ሥርዓት ከነከበሮ አመታቱ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ብቻ እንደቀረ ነገሯት። አያ ቢሻው ይባላሉ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የንብ ቀፎ ሲጠግኑ አገኘቻቸው።

«አያ ቢሻው፣ ግልባጭ ቀረ እንዴ?»

«አልቀረም፤ እዚህ አለ» አሉ ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው። «ያልተጠና ጨዋታ ነው ተብሎ ተከለከለ እንጂ። ከላይ ወረቀት መጣ። በሁለተኛው ደጅ ተጠንቶ ማኅተም ያላረፈበት ጨዋታ አደባባይ አይወጣም አሉን።»

«ታዲያ ለምን አልተጠናም?»

«እኔ ምን አውቄ? አጥኚ አልመጣማ።»

ትደነቂያለሽ ቀፎው ጎን ቁጢጥ ብላ ትንሽ አሰበች። «ላጥናው?» አለች።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሦስት ዓመት ይላሉ።»

አያ ቢሻው በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰማንያ አራት ይሆነኛል። ይሁን፤ እጠብቅሻለሁ። ብቻ አታዘግዪው።»

ትደነቂያለሽ ከቡድኗ ተሰናብታ ወደ ሁለተኛው ደጅ ሄደች። በሩ ላይ የተቀበሏት ባለማኅተሙ አዛዥ ስሜነህ ናቸው። አዛዥ ስሜነህ ሕግ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሌላው ሹም ሕግ የሚወደው ሰው ለመከልከል ነው፤ እሳቸው ግን አንዳንድ ሰው ወፍ እንደሚወድ ሕግን ለራሱ ለሕጉ ብለው ይወዱታል። ገቢ ተማሪ የመጫወቻ ዕቃውን ሁሉ በሩ ላይ ያስረክባል። ትደነቂያለሽ ከበሮዋን፣ ሁለት ጭምብል፣ አንድ የንግሥት ዘውድና የአህያ ነጂውን ጅራፍ አስረከበች።

«ሌላ የሚጫወቱበት ነገር አለዎት?» አሏት አዛዥ ስሜነህ።

«ፊቴ» አለች።

አዛዥ ስሜነህ ብዕራቸውን አንስተው ቀሩ። መዝገቡን አገላበጡ፣ አንገታቸውን አከኩ። በመጨረሻም «ፊት፤ አንድ፤ ከባለቤቷ ዘንድ በአደራ ይቆይ» ብለው ጻፉና አስፈረሟት።

ግልባጭ ንግግርም ዜማም ጥላም ስላለው ሦስት አማካሪ ተመደበላት፤ የቃል ቤት አለቃ ሊቀ ቃል ዘለለው፣ የዜማ ቤት አለቃ ሊቀ ዜማ እታፈራሁ፣ የጥላ ቤት አለቃ ሊቀ ጥላ ሙሉሰው። ሊቀ ቃል ዘለለውና ሊቀ ጥላ ሙሉሰው ከተነጋገሩ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ በአዛዥ ስሜነህ በኩል ነው የሚነጋገሩት።

«አዛዥ፣ መስኮቱ ይዘጋ ብለው ለሊቀ ጥላ ይንገሩልኝ» ይላሉ ሊቀ ቃል።

አዛዥ ስሜነህ አንድ ክንድ ያህል ፊታቸውን ያዞራሉ። «ሊቀ ጥላ፣ መስኮቱ ይዘጋ ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ። እንደማይዘጋ ይንገሯቸው።»

«እንደማይዘጋ ተናግረዋል።»

የጠቡን ምክንያት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሊቀ ዜማ እታፈራሁ ብቻ፣ ሁለቱ በወጣትነታቸው አንድ ጎጆ ተከራይተው አብረው እንደኖሩ ለትደነቂያለሽ አጫወተቻት። ያኔ ሊቀ ዜማ እታፈራሁ እዚያው ሠፈር ከበሮ የምትማር ልጅ ነበረች።

ትደነቂያለሽ የመጀመሪያውን ድርሳን ይዛ ሊቀ ቃል ዘለለው ዘንድ ገባች። ረጅም ሰው ናቸው፤ ዓረፍተ ነገራቸውም ረጅም ነው።

«ወይዘሮ ትደነቂያለሽ፣ ሥራሽ ደግ ነው፤ ነገር ግን ይህ ጥላ የምትይው ነገር ቃሉን ስለሚጋርደው፣ ስለሚጋርደውም አንባቢን ስለሚያሳስት፣ ከሥሩ ነቅለሽ ብታወጪው።»

አወጣችው። ወደ ሊቀ ጥላ ሙሉሰው ወሰደችው። እሳቸው አጭርና ዓይናቸውን የሚያጨነቁሩ ሰው ነበሩ።

«ጥላው የታለ?»

«የኔታ ዘለለው አውጪው ብለውኝ ነው።»

«ቃሉን አውጪ። ጥላ አይናገርም።»

ሊቀ ዜማ እታፈራሁ ከሁለቱ ትሻላለች። እሷም ቢሆን ግን እንደ ሕጓ ነበረች። «እኔ የማነበው የከበሮውን ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላውን ብወደውም ማኅተሜ አይደርስበትም» አለቻት።

እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። ትደነቂያለሽ ሦስት የተለያዩ ድርሳኖች ጻፈች። አንዱ ጥላ የለውም፣ አንዱ ድምፅ የለውም፣ አንዱ ሰው የለውም። ሦስቱን በአንድ ክር ሰፍታ ዘጠና ገጽ አደረገችው። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሙት ምስክር ቆሟል፤ አንድ ስሕተት አይገኝበትም። ከሙግቱ በፊት ለአያ ቢሻው ልታነብላቸው ወደ ሽንብሪት ወረደች።

አያ ቢሻው ሰማንያ አራት ሞልቷቸው ነበር። ግራ ጆሯቸው ደክሟል፤ በቀኙ ጎን አስቀመጧት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ እስከ ስልሳኛው አነበበችላቸው። አላቋረጧትም። ውሃ ልትጠጣ ስታርፍ እጇን ያዟት።

«ልጄ፣ ንባብሽ ያምራል» አሉ። «ግን ይህ የምታነቢልኝ ስለ ምን ነው?»

ትደነቂያለሽ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ቆማ ድንጋይም ቲማቲምም ተወርውሮባታል፤ እንዲህ የመታት ነገር ግን አልነበረም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ ቢሻው ደነገጡ።

«ቅር አሰኘሁሽ? የጆሮዬ ነገር ይሆናል።»

«የጆሮዎ አይደለም፣ አያ። ስለ ግልባጭ ነበር።»

«ኧረ?» አሉ አያ ቢሻው። ዘንጋቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ «ወደዚያ አገር መንገዱ ሩቅ ነው?» አሉ።

«የሁለት ቀን መንገድ ነው። ለምን?»

«እኔው ራሴ መጥቼ ብነግራቸውስ?»

ትደነቂያለሽ በማግሥቱ መንገድ ጀመረች፤ እንደደረሰችም አዛዥ ስሜነህ ዘንድ ገባች። «አዛዥ፣ ስለ ምስክር የሚለውን ሕግ ያንብቡልኝ» አለቻቸው።

አዛዥ ስሜነህ ደስ አላቸው። ሕግ አንብብልኝ ብሎ የመጣባቸው ሰው አልነበረምና። አቧራውን እፍ ብለው ገለጡት። «ለድርሳን የሚጠራ ምስክር የሞተ ቢሆን ይመረጣል።»

«ይመረጣል ነው ወይስ ግዴታ ነው?»

አዛዥ ስሜነህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ፊታቸው እየበራ ሄደ። «ይመረጣል! ይመረጣል ነው የሚለው! ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አላየሁትም?» ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወይዘሮ ትደነቂያለሽ፣ በወንድምነት ልምከርዎ። የዘጠናው ገጽ ድርሳን ያሳልፍዎታል። በሕይወት ያለ ምስክር ግን ምን እንደሚናገር አይታወቅም። ከወደቁ መድረክ አይወጡም።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ተጫዋች ነዎት። ሌላ ምን ይሠራሉ?»

«ምንም» አለች። «ይጥሩልኝ።»

የሙግቱ ቀን ደረሰ። ሙግቱ በየትኛው ቤት ይሁን የሚለው ለአንድ ወር አከራክሮ ስላላለቀ፣ የማንም ያልሆነው ግቢ ተመረጠ። ሦስቱ አለቆች ወንበራቸውን አሸክመው ወጡ። የወንበር እግር ቁመት ለመለካት ደግሞ ሌላ ሰዓት ሄደ። ገበያተኛው የቀድሞዋን ተጫዋች ሊያይ ግንቡ ላይ ተንጠልጥሏል። ሃያ ሰባቱ ነባር ተማሪዎች ጥግ ይዘው ቆመዋል። አያ ቢሻው በበቅሎ ደርሰው ቀኝ ጆሯቸውን ወደ አለቆቹ አዙረው ተቀመጡ።

ሊቀ ቃል ዘለለው ተነሡ። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ መልሱ ግን ሙግቱን ይጨርሰዋል። ይህ ግልባጭ የምትይው የቃል ነው፣ የዜማ ነው፣ ወይስ የጥላ? አንዱን ምረጪ።»

ሊቀ ጥላ ሙሉሰውም «እኔም የምጠይቀው ይህንኑ እንደሆነ ይንገሯቸው» አሉ ለአዛዥ ስሜነህ።

ትደነቂያለሽ ድርሳኗን ከፈተች። መልሱ በሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ከነምስክሩ አለ፤ ማንበብ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አያ ቢሻውን አየቻቸው። ድርሳኑን ዘግታ መሬት ላይ አኖረችው።

«የኔታ፣ ይህን ጽሑፍ ለሚያውቀው ሰው አንብቤለት አላወቀውም። ስለዚህ እኔም አላውቀውም። ምስክሬን እጠራለሁ።»

ግቢው ተንሾካሾከ። አያ ቢሻው በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። «የተከበራችሁ፣ ይህ ነገር ሲነገር አይገባም፤ ሲደረግ ነው። ጨርቅ አለኝ። ፀሐይቱም ደህና ቦታ ላይ ናት። የጎደለኝ ጠብ ነው።»

«ጠብ?» አሉ ሊቀ ቃል።

«የእውነት ጠብ። የውሸት ጠብ ላይ አይሠራም። እዚህ ግቢ የተጣላ ሰው ይኖራል?»

አያ ቢሻው ዙሪያውን ቃኙ። ከዚያ የሃያ ሰባቱ ተማሪዎች፣ የገበያተኛው፣ የበር ጠባቂው፣ የበቅሎ ጎታቹም ጭምር ዓይን ቀስ እያለ ወደ ሁለቱ ወንበሮች ዞረ። ከግንቡ ላይ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

«ፈጽሞ!» አሉ ሊቀ ቃል ዘለለው።

«ፈጽሞ እንዳልኩ ይንገሯቸው» አሉ ሊቀ ጥላ ሙሉሰው።

«በዚህ እንኳ ተስማሙ» አለች ሊቀ ዜማ እታፈራሁ። ተነሥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደችና የትደነቂያለሽን ከበሮ ይዛ ተመለሰች። አዛዥ ስሜነህ ሊከለክሏት አፋቸውን ከፈቱ፤ መምህር ከበሮ አይያዝ የሚል ሕግ ትዝ ስላላላቸው መልሰው ዘጉ።

ትደነቂያለሽ ሊቀ ቃል ዘለለው ፊት ቆመች። «የኔታ፣ ዛሬ ከወደቅኩ ከእንግዲህ የምቆምበት መድረክ የለም። ሊጥሉኝ ይችላሉ፤ መብትዎ ነው። ግን ሳያዩት አይጣሉኝ። አይተውት ይጣሉኝ።»

ሊቀ ቃል ዘለለው ረጅም ዓረፍተ ነገር ሊጀምሩ አየር ሳቡ። አልወጣላቸውም። ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ተማሪዎቹ ወደ ወጠሩት ጨርቅ ሄዱ። ሊቀ ጥላ ሙሉሰው ይህን ሲያዩ፣ ፈራ እንዳይባሉ ተከተሉ።

ከበሮው ተመታ። በመጀመሪያው ዙር ሊቀ ቃል ዘለለው ሊቀ ጥላ ሙሉሰውን ሆኑ፤ ጉልበታቸውን አጥፈው አጠሩ፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው የሌለ መብራት ሲለኩሱ ጣታቸውን አቃጠሉ። ጥላቸው ጨርቁ ላይ ሲዘል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀ ጥላ ሙሉሰው በተራቸው ሊቀ ቃል ዘለለውን ሆኑ። በእግራቸው ጣት ቆመው፣ አንገታቸውን እንደ ሽመላ መዝዘው «ከመሆኑም የተነሣ፣ ከመነሣቱም የሆነ፣ ከመሆኑም…» እያሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጀምረው ሳይጨርሱ ጨርቁን ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት። ሃያ ሰባቱ ተማሪዎች ተደጋግፈው ሳቁ። ሊቀ ቃል ራሳቸው ሳቅ ሲያመልጣቸው አፋቸውን በካባቸው ያዙ።

«ሁለተኛው ዙር» አሉ አያ ቢሻው። ከበሮው ቀዝቀዝ አለ።

ሊቀ ቃል ዘለለው እንደገና አጠሩ። አሁን ግን አልዘለሉም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገራቸው አጠረ።

«እኔ ሙሉሰው ነኝ» አሉ። «በመኸር በዓል ቀን ጨዋታችን አለቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዘለለው ፊት ወጥቶ እጅ ነሣ። እኔ ከጨርቁ ኋላ መብራቱን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ይጠራኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጸጉሬን ሁሉ አበጠርኩ። ዞር ብሎ አላየኝም።»

ከጨርቁ ኋላ የሊቀ ጥላ ሙሉሰው ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሊቀ ጥላ ሙሉሰው በእግራቸው ጣት ቆሙ።

«እኔ ዘለለው ነኝ። ያን ጨዋታ ለመጻፍ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። በማግሥቱ ገበያ ወጣሁ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ሙሉሰው ስለሠራት የጥላ ወፍ ነው። አንድ ቃሌን የያዘ ሰው ፈለግኩ። እስከ ማታ ዞርኩ። አንድም አላገኘሁም። ለሙሉሰው ልነግረው ወደ ቤት ስመለስ ወፏን ደግሞ እየሠራ አገኘሁት። እየዘፈነ ነበር።»

ከበሮው ቆመ። የሊቀ ቃል ዘለለው ጥላ ጨርቁ ላይ እጁን ወደ ፊቱ ሲያነሣ ታየ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለት ክረምት ሳይሆን ሦስት ነው እንጂ።»

«ሦስት?» አሉ ሊቀ ጥላ ሙሉሰው በራሳቸው ድምፅ። «አንተ፣ መቼ ነው ሦስት የሆነው?»

«ይኸውልህ፣ ያኔም እንዲህ ነበር የምትከራከረኝ!»

ሁለቱ ከጨርቁ ኋላ እየተከራከሩ ወጡ። ማንም አስተርጓሚ አልጠሩም። ግማሽ መንገድ ላይ ይህን ራሳቸው አስተዋሉና ቆም አሉ፤ ከዚያ ሊቀ ቃል ዘለለው ጎንበስ ብለው ጓደኛቸውን አቀፉ። ግንቡ ላይ የተንጠለጠለው ሰው እልል አለ። ሊቀ ዜማ እታፈራሁ ከበሮውን እየመታች ታለቅስ ነበር፤ ስትጠየቅ ላብ ነው አለች።

አዛዥ ስሜነህ ግን በእልልታው መሐል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር አለ። ሕጉ በሙግት ግቢ ውስጥ የተጫወተ ሰው አንድ ዋንጫ ኮሶ ይጠጣል ይላል። ወይዘሮ ትደነቂያለሽ አልተጫወቱም፤ ቆመው ነበር። የተጫወቱት ፈታኞቹ ናቸው።»

ሁለት ዋንጫ ኮሶ መጣ። ሊቀ ቃልና ሊቀ ጥላ ዋንጫቸውን አጋጭተው፣ ፊታቸውን አጨማደው ጠጡት። ከዚያ ሦስቱም አለቆች የድርሳኑን ውጤት ለመወሰን ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ረጅም አልፈጀባቸውም።

«አልፈሻል» አሉ ሊቀ ቃል ዘለለው። «አንድ ነገር ግን ይቀራል። ያየነውን ጻፊልን። እነዚያን ዘጠና ገጾች አይደለም።»

ትደነቂያለሽ ስምንት ወር ሽንብሪት ተቀምጣ ሌላ ድርሳን ጻፈች። ቃሉም ከበሮውም ጥላውም በአንድ ገጽ ላይ አብረው የሚሄዱበት። ለአያ ቢሻው ስታነብ ሦስተኛው ገጽ ላይ እጃቸውን አወራጩ። «ቆይ፣ ቆይ! ከበሮው እዚህ ጋ ሦስት ጊዜ ነው እንጂ ሁለት አይደለም» አሏት። ትደነቂያለሽ በደስታ አቅፋ ልትጥላቸው ነበር። በየገጹ ሲያርሟት ሰነበቱ። ድርሳኑ ማኅተም አረፈበት፤ እሷም ሰማያዊውን ካባ ለበሰች፤ ግልባጭም በአደባባይ ተፈቀደ።

አለቆቹ በግንቡ ላይ በር ለመክፈት ተስማሙ። የበሩ ስፋት ገና እያከራከረ ሳለ ተማሪዎቹ ራሳቸው አንድ ቀን መዶሻ ይዘው መጥተው ጨረሱት። ከሃያ ሰባቱ አሥራ አንዱ በዚያው ዓመት ሙግት ጠየቁ።

ወሬው አገር ለአገር ዞረ። የተጣላ ሰው ሁሉ ከዳኛ በፊት ወደ ሁለተኛው ደጅ መምጣት ጀመረ። ትደነቂያለሽ የምታስተምረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቿ ጨርቅ ይወጥራሉ፣ ከበሮ ይመታሉ፣ ያዩትን ከሰዓት በኋላ ይጽፋሉ። አያ ቢሻው በየወሩ በበቅሎ እየመጡ ይቆጧቸዋል።

ከዕለታት በአንዱ ማለዳ ከሩቅ ወረዳ ሁለት ገበሬዎች አንድ ቀይ በሬ እየጎተቱ ደረሱ። አንዱ «ከጥጃነቱ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ ሌላው «ታሞ ሊሞት ሲል ያዳንኩት እኔ ነኝ» ይላል። ጨርቁ ተወጠረ። ትደነቂያለሽ ገበሬዎቹን በየቦታቸው አቆመች።

«አይ፣ አልሞላም» አሉ አያ ቢሻው። «ጠቡ በከብት ከሆነ ከብቱም የሚለው ይኖረዋል። በሬውን የሚሆን ሰው ይምጣ።»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ወገቤን አለ፤ አንዷ ቀሚሴ ነጭ ነው አለች። ሌላው በሬን ስለ መሆን የተጻፈ ነገር ገና አላነበብኩም አለ።

ይህን ጊዜ ከኋላ በኩል የወንበር ድምፅ ተሰማ። ሊቀ ቃል ዘለለው ተነሡ። ሰማያዊ ካባቸውን አውልቀው ለሊቀ ጥላ ሙሉሰው አስያዙ፣ ተማሪዎቹን በትከሻ ገፋ ገፋ እያደረጉ ወደ ጨርቁ ኋላ አለፉ፤ ያን ሁሉ ቁመት አጥፈው በእጅና በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ጥላቸው ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ሁለት ጣታቸውን ከግንባራቸው ላይ አቁመው፣ ሁለቱን ገበሬዎች በየተራ ከተመለከቱ በኋላ፣

«እምቧ!» አሉ።